የካርተር ቤተሰብና የኖሚኒ ሆል ርስት፦ ባርነት በሕግ እንዴት ተሠራ፣ በሕግስ እንዴት ተፈታ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1791 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኖርዘምበርላንድ ፍርድ ቤት አንድ የስጦታ ሰነድ ለመዝገብ ቀረበ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰነዱ ባለቤት ሮበርት ካርተር የ63 ዓመት ባለርስት ሲሆን፣ በዚያ አገር በሀብትም ሆነ በዘር ሐረግ ከእሱ የሚስተካከሉ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። የዘመኑ ባለጠጎች የስጦታ ሰነድ የሚያጽፉት አብዛኛውን ጊዜ መሬትና ባሪያ ለልጆቻቸው ለማስተላለፍ ነበር። ካርተር ግን ባሮቹን የሰጠው ለራሳቸው ነው። ከሰነዱ ጋር በተያያዘው ዝርዝር ውስጥ ከ450 የሚበልጡ ሰዎች እየተቆጠሩ፣ የእያንዳንዳቸው ስም፣ ዕድሜና የሚኖሩበት እርሻ ተጽፏል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት አንድ ግለሰብ በገዛ ፈቃዱ ይህን ያህል ሕዝብ አርነት ያወጣበት ሌላ ጊዜ የለም።

ሰነዱ ሰዎቹን በባርነት ይዞ ማቆየት ከእውነተኛው የሃይማኖትና የፍትሕ መሠረት ጋር እንደሚቃረን ካርተር ካመነ መቆየቱን ይገልጻል። ወዲያው ግን ሁለት ገደቦችን ያክላል፤ ነገሩ የአገሪቱን ሕግ ሳይጥስ፣ ጎረቤቶቹንና ማኅበረሰቡንም ሳይጎዳ መፈጸም ነበረበት። እነዚህ ሁለት ገደቦች ናቸው ጉዳዩን ማብራሪያ የሚያሻው ያደረጉት። አንድ ሰው ባሮቹን ለመልቀቅ ከወሰነ «ሂዱ፣ ነጻ ናችሁ» ብሎ በሩን ቢከፍትላቸው የማይበቃው ለምንድን ነው? ዝርዝር፣ የዕድሜ ስሌትና ዓመታት የሚፈጅ የጊዜ ሰሌዳ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ከዚያ በፊት በነበሩት 150 ዓመታት የካርተር ቤተሰብ ርስቱን ባካበተበት መንገድ ውስጥ ነው።

መሬቱ ከየት መጣ

የቤተሰቡ መሥራች ጆን ካርተር ከእንግሊዝ ወደ ቨርጂኒያ የገባው በ1635 ገደማ ነው። የሰፈረው በራፓሃኖክ ወንዝ ዳር፣ ኮሮቶማን በተባለ ስፍራ ነበር። አካባቢው ኖርዘርን ኔክ ይባላል፤ በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ረጅም ሰርጥ መሬት ነው። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት የነባር ሕዝቦች መንደርና የበቆሎ ማሳ ነበር፤ የራፓሃኖክ ወንዝ ስምም ከእነሱ የወጣ ነው።

ቅኝ ግዛቱ መሬት የሚያድለው በነፍስ ወከፍ ነበር። አንድ ሰው ከባሕር ማዶ ሌላ ሰው አሳፍሮ ቢያመጣና የመርከብ ወጪውን ቢችል፣ ባመጣው በእያንዳንዱ ነፍስ 50 ኤከር፣ ማለትም ወደ 20 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይመራለታል። 80 ሰው ያስመጣ 4,000 ኤከር አገኘ ማለት ነው። መሬቱ የሚሰጠው ለመጪው ሳይሆን ለአስመጪው እንደሆነ ልብ ይሏል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚመጡት በአብዛኛው ለተወሰነ ዓመት በውል የሚያገለግሉ ድሆች እንግሊዛውያን ነበሩ፤ እየቆየ ግን ከአፍሪካ የሚጫኑ ሰዎች ተተኩ። ሀብታሙ ሰው ባመጣ ቁጥር መሬቱ ይሰፋል፣ መሬቱ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ተጨማሪ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ይህን ግፊት ያባሰው ትምባሆ ነው። ትምባሆ ከችግኝ እስከ ማድረቂያው ጎተራ ድረስ የሰው እጅ የሚጠይቅ፣ መሬቱንም በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ የሚያሟጥጥ ሰብል ነው። ስለዚህ ባለርስቱ ሁልጊዜ ያልታረሰ ድንግል መሬት በእጁ መያዝ ነበረበት። ፕላንቴሽን የሚለውን ቃል ዛሬ ስንሰማ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ዓምድ የተደረደረበት ነጭ ቤት ቢሆንም፣ በመሠረቱ ፕላንቴሽን ማለት አንድ ሰብል ለውጭ ገበያ የሚያመርት፣ በግዳጅ ጉልበት የሚሠራና መሬት እየበላ የሚጓዝ ድርጅት ነው። ቤቱ የመጣው በኋላ፣ ትርፉ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

የጆን ልጅ የመጀመሪያው ሮበርት ካርተር (1663 ገደማ–1732) ከአባቱ እጅግ ርቆ ሄደ። ቻርልስ ሁለተኛ በ1649፣ ገና በስደት ሳለ፣ ኖርዘርን ኔክን በሞላ ለጥቂት ታማኞቹ ሰጥቶ ነበር፤ መብቱ በውርስና በጋብቻ እየተላለፈ በመጨረሻ በሎርድ ፌርፋክስ ቤተሰብ እጅ ገባ። ስፋቱ ከ5 ሚሊዮን ኤከር በላይ ሲሆን፣ በላዩ የሚሰፍር ሁሉ ለባለመብቱ ዓመታዊ ግብር ይከፍላል። የእኛን ጉልት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ባለመብቶቹ እንግሊዝ ተቀምጠው ስለነበር መሬቱን የሚያድል፣ ግብሩንም የሚሰበስብ ወኪል በቦታው ያስፈልጋቸው ነበር። ካርተር ይህን ወኪልነት ሁለት ጊዜ ያዘ፤ በመጀመሪያ ከ1702 እስከ 1711፣ ከዚያም ከ1722 እስከ ሞቱ ድረስ። የወኪሉ ሥራ መሬት ለጠያቂ መምራት ነው፤ ካርተርም ለራሱ፣ ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ እየመራ ሰፊውን አገር በቤተሰቡ ስም አስመዘገበ። የምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በ1726 እና 1727ም ተጠባባቂ አገረ ገዥ ሆኗል። ጎረቤቶቹ «ንጉሥ ካርተር» የሚል ቅጽል ያወጡለት በከንቱ አልነበረም። በ1732 ሲሞት አንድ የለንደን መጽሔት ከ300,000 ኤከር በላይ መሬት፣ ከ1,000 በላይ ባሮችና 10,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ መተዉን ጻፈ። መሬቱን በጋሻ ብናሰላው 3,000 ጋሻ ያህል ነው።

ዛሬ ፌርፋክስ፣ ላውደን፣ ፕሪንስ ዊሊያም የሚባሉት የሰሜን ቨርጂኒያ አውራጃዎች በዚያው ይዞታ ውስጥ ነበሩ። ፌርፋክስ ስሙን ያገኘው ከባለጉልቶቹ ነው። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በየዕለቱ የሚመላለሱበት ምድር በአንድ ዘመን በንጉሥ ካርተር ብዕር ሲታደል የነበረ ምድር ነው።

ሰው እንዴት ንብረት ሆነ

በቨርጂኒያ ባርነት በአንድ ጀንበር የታወጀ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በ1619 ሲደርሱ አቋማቸውን የሚወስን ግልጽ ሕግ አልነበረም፤ ጥቂቶቹ ነጻ ወጥተው መሬት እስከመያዝ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን ምክር ቤቱ በሩን አንድ በአንድ ዘጋው። በ1662 የልጅ ሁኔታ የእናቱን እንደሚከተል ተደነገገ። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ በአባቱ የሚቆጠር ሲሆን፣ እዚህ ሆን ተብሎ ተገለበጠ፤ ከዚያ ወዲያ ጌታው ራሱ ከባሪያው የወለደው ልጅ ሳይቀር ንብረቱ ሆነ ማለት ነው። በ1667 ጥምቀት ባሪያን ነጻ እንደማያወጣ ተወሰነ። በ1691 አንድ ሰው ባሪያውን ነጻ ካወጣ ከቅኝ ግዛቱ እንዲያስወጣው ታዘዘ። በ1705 ባሮች ለውርስ ጉዳይ እንደማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም እንደ መሬትና ቤት፣ እንዲቆጠሩ ተደረገ። በ1723 ደግሞ ያለ አገረ ገዥውና ያለ አማካሪዎቹ ፈቃድ ባሪያ ነጻ ማውጣት በጠቅላላው ተከለከለ።

እነዚህን ሕጎች ያወጡት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ማስታወስ ይገባል። በምክር ቤቱ የተቀመጡት ንጉሥ ካርተርና መሰሎቹ ናቸው። ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ባለባሪያውም አንድ ሰው በሆነበት አገር «ሕጉ አስገደደን» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም።

ሕጉ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ከካርተር ከራሱ መዝገብ ማየት ይቻላል። በ1708 የላንካስተር ፍርድ ቤት፣ ካርተር ባቀረበው ጥያቄ መሠረት፣ ባምባራ ሃሪና ዳይና የተባሉ ሁለት ባሮቹን የእግር ጣት እንዲያስቆርጥ ፈቀደለት። ባምባራ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ስም ነው፤ ሃሪ ከየት እንደመጣ በስሙ ላይ ቀርቷል። ለዚህ ቅጣት የፍርድ ቤት ፈቃድ ማስፈለጉ በ1705ቱ ሕግ የተደነገገ ነበር። ዓመታት ቆይቶ በጻፈው ደብዳቤ ካርተር በዚህ ዘዴ ብዙዎችን ከመኮብለል «እንደፈወሳቸው» ይናገራል። ቃሉ የሐኪም ቃል ነው።

ከጣት መቁረጡ ይልቅ ሥርዓቱን ይበልጥ የሚያሳየው ግን በ1727 ለአንድ የእርሻ ተቆጣጣሪው የጻፈው ደብዳቤ ይመስለኛል። ከመርከብ የተገዙት አዲስ ሰዎች ሁልጊዜ እሱ ባወጣላቸው ስም እንዲጠሩ ያስጠነቅቃል፤ ስሙን እየደጋገመ እንዳስጠናቸው፣ በስማቸውም የእያንዳንዳቸውን የሰውነት መጠን ለይቶ እንደሚያውቅ ይገልጻል። ስም በዚህ አገባብ የመጋዘን ምልክት ነው። የልጅ ልጁ ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ ያስመዘገበው ረጅም የስም ዝርዝር የሚነበበው ይህን ይዞ ነው።

የኖሚኒ ሆል ኑሮ

ነጻ አውጪው ሮበርት ካርተር የንጉሥ ካርተር የልጅ ልጅ ነው። የተወለደው በ1728 ሲሆን፣ አባቱና አያቱ በወራት ልዩነት በ1732 ስለሞቱ በ4 ዓመቱ የግዙፍ ርስት ወራሽ ሆነ። አባቱ በዌስትሞርላንድ ያሠራው ኖሚኒ ሆል የኑሮው ማዕከል ነበር። ወጣትነቱ ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም፤ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በ1754 የሜሪላንድ ባለጸጋ ልጅ የሆነችውን ፍራንሲስ አን ታስከርን አገባ፤ በጋብቻው ከባልቲሞር የብረት ማቅለጫ ድርጅት ድርሻ አገኘ። በ1758 ንጉሡ የአገረ ገዥው አማካሪ አድርጎ ሾመው። በዋና ከተማው በዊሊያምስበርግ በኖረባቸው ዓመታት በአገረ ገዥው ቤት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከወጣቱ ቶማስ ጄፈርሰን ጋር ሙዚቃ ይጫወት ነበር። በ1772 ወደ ኖሚኒ ሆል ተመለሰ። ከባለቤቱ 17 ልጆች ተወልደውለታል።

ስለዚያ ቤት ብዙ የምናውቀው በ1773 እና 1774 ልጆቹን ያስተማረው ፊሊፕ ቪከርስ ፊዚያን የተባለ የፕሪንስተን ምሩቅ የዕለት ማስታወሻ በመጻፉ ነው። ቤቱ 23 ሜትር ርዝመትና 13 ሜትር ስፋት ያለው፣ በነጭ ልስን የተሸፈነ የጡብ ሕንጻ ሲሆን፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ካርተር እንዳጫወተችው፣ ቤተሰቡ በዓመት ከ120 ኩንታል በላይ የአሳማ ሥጋ፣ 20 በሬ፣ ወደ 150 ኩንታል ስንዴ፣ አራት ታላላቅ በርሜል ሮምና 150 ጋሎን ብራንዲ ይፈጅ ነበር። በአንጻሩ በማዕድ ቤት አካባቢ ካሉት ጥቂት ተወዳጆች በቀር፣ ለአንድ ባሪያ የሚሰፈረው ሳምንታዊ ቀለብ ወደ 6 ኪሎ የሚሆን በቆሎና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሥጋ ነበር። ያም ሆኖ ካርተር በዚያ አገር ለባሮቹ እጅግ ርኅሩኅ የሚባለው ጌታ መሆኑን ፊዚያን ይመሰክራል። ርኅሩኁ ይህን ከሰፈረ የሌሎቹን መገመት ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ከማስታወሻው አንድ ጭውውት በተለይ ይደንቃል። ፊዚያንና ወይዘሮ ካርተር ተቀምጠው ሒሳብ ሲያወጡ፣ አንድ ባለርስት ባሮቹን ሁሉ ሸጦ ገንዘቡን በወለድ ቢያስቀምጥና መሬቱ ጦም ቢያድር እንኳ፣ ወለዱ ብቻ ባሮቹ በሥራ ከሚያስገኙት ዓመታዊ ገቢ እንደሚበልጥ ተስማሙ። እዚህ ላይ የሥርዓቱ እውነተኛ ባሕርይ ብቅ ይላል። በዚያ ዘመን በአሮጌው የቨርጂኒያ መሬት የባለርስቱ ትልቁ ሀብት ምርቱ ሳይሆን የሰዎቹ ዋጋ ነበር፤ ዋጋውም በየልደቱ ይጨምራል። በ1662 የወጣው የእናት ሕግ ከመቶ ዓመት በኋላ ያፈራው ፍሬ ይህ ነው። ባሪያ ነጻ ማውጣት ማለት ጉልበት ማጣት ብቻ ሳይሆን ዋናውን ካፒታል መበተን ነበር።

ካርተር በእጁ ከቀረው 65,000 ኤከር በላይ መሬት ከትምባሆ ወደ እህል አዘነበለ፤ ወፍጮ፣ የጨርቅ መሥሪያና አንጥረኛ ቤት አቋቋመ። እርሻዎቹን በከዋክብት ስም መሰየሙ የሚያስገርም ነው፤ የእኛ የአቡሻኽር ሊቃውንት ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ እያሉ የሚቆጥሯቸው አሥራ ሁለቱ ከዋክብት እዚያ የእርሻ ስም ነበሩ። በአርነቱ ሰነድ ላይም ከእያንዳንዱ ሰው ስም አጠገብ «የአሰድ እርሻ» ወይም «የሸርጣን እርሻ» እንደማለት ተጽፎ ይገኛል።

ሐሳቡ የተለወጠበት መንገድ

በ1777 ካርተር ለፈንጣጣ መከላከያ ተከትቦ ትኩሳት ላይ ሳለ፣ የክርስቶስን አምላክነት ይጠራጠር የነበረ ሰው በድንገት ብርሃን እንደታየው መሰከረ። በቀጣዩ ዓመት በባፕቲስት ሰባኪው በልዊስ ለንስፈርድ እጅ ተጠመቀ። ባፕቲስቶቹ በዚያን ጊዜ ድሆች ገበሬዎችና ባሮች በአንድነት የሚጸልዩባት፣ ሰባኪዎቿም ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚታሰሩባት የተናቀች ማኅበር ነበሩ። የንጉሥ ካርተር የልጅ ልጅ የገዛ ባሮቹ «ወንድም» ብለው በሚጠሩት ጉባኤ መካከል መቀመጡ ለመሰሎቹ ቅሌት ነበር። በኋላ ደግሞ ወደ ስዊድናዊው ኢማኑኤል ስዊድንቦርግ ትምህርት አዘነበለ።

መነሻው ሃይማኖት ብቻ ነው ማለት ግን ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። በ1786 ጆርጅና ጆን የተባሉ ሁለት ልጆቹን ወደ ሰሜን፣ ሮድ አይላንድ ኮሌጅ ሲልክ፣ ቨርጂኒያ ባርነትን ይዛ ለመቀጠል ስለቆረጠች ልጆቹ 21 ዓመት እስኪሞላቸው ወደዚያ እንዳይመለሱ እንደሚፈልግ ለኮሌጁ ኃላፊ ጻፈ። ባርነት የባሪያውን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የጌታውን ልጅ ጠባይ እንደሚያበላሽ ገብቶታል። ከጥምቀቱ እስከ ሰነዱ ግን 13 ዓመታት አለፉ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰዎቹ ባሮች ነበሩ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ሰነዱን ያስቻለው የ1782 ሕግ ነው። ከአሜሪካ የነጻነት አብዮት መንፈስ በኋላ የቨርጂኒያ ምክር ቤት የ1723ቱን ክልከላ አንስቶ፣ ማንም ጌታ በኑዛዜ ወይም በምስክር ፊት በተፈረመና በፍርድ ቤት በተመዘገበ ሰነድ ባሪያውን አርነት እንዲያወጣ ፈቀደ። ፈቃዱ ግን በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነበር። ነጻ የሚወጣው ሰው ከ45 ዓመት በላይ፣ ወይም ሕመምተኛ፣ ወይም ወንድ ከ21፣ ሴት ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ጌታው እንዲጦረው ይገደዳል። ነጻ የወጣው ሰውም የሰነዱን ግልባጭ ሳይዝ ከአውራጃው ወጥቶ ቢገኝ ወደ ወህኒ ሊገባ ይችላል።

አሁን የካርተር ዝርዝር ለምን የሰዎቹን ዕድሜ እንደያዘ ግልጽ ይሆናል። ዕድሜ የሕጉ ቁልፍ ነበር። ካርተር በዚህ ቁልፍ የጊዜ ሰሌዳውን ሠራ፦ ከጃንዋሪ 2 ቀን 1792 ጀምሮ በየዓመቱ ከአዋቂዎቹ 15 ሰዎች ነጻ ይወጣሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ወንዱ 21፣ ሴቷ 18 ዓመት ሲሞላቸው እየተራቸው ይወጣሉ። አዝጋሚነቱ ጎረቤትን ላለማስደንገጥና ርስቱ በአንድ ጊዜ እንዳይናጋ የታሰበ ነበር፤ ለባሮቹ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በ1791 በእናቱ እቅፍ የነበረ ወንድ ልጅ ተራው የሚደርሰው በ1812 ነው። እናት ነጻ ሆና ልጇ ባሪያ ሆኖ የሚቆይበት ቤት ጥቂት አልነበረም ማለት ነው።

ቢሆንም ካርተር ከመሰሎቹ የሚለይበት ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጄፈርሰን ባርነትን በብዕሩ ሲያወግዝ፣ ነጻ የወጡት ጥቁሮች ከነጮች ጋር አብረው መኖር ስለማይችሉ ወደ ሌላ አገር መሄድ አለባቸው ይል ነበር። የካርተር ሰነድ ስለ መሰደድ አንዲት ቃል የለውም። ነጻ ከወጡት ለአንዳንዶቹ ቀድሞ በባርነት ያርሱት የነበረውን መሬት አከራያቸው፤ ባሉበት፣ በሚያውቁት ማሳ ላይ፣ ገበሬ ሆነው እንዲቀጥሉ ነበር ሐሳቡ። ጎረቤቶቹን ያስቆጣቸውም በዋነኛነት ይህ ነው። ስሙን ያልገለጸ አንድ ጸሐፊ በ1796 በላከለት ደብዳቤ፣ ባሪያን ነጻ ማውጣት የጎረቤት ቤት እንደሚጋይ እያወቁ የራስን ቤት በእሳት ከመለኮስ እንደማይለይ ነገረው።

ከሰነዱ በኋላ

በ1793 ካርተር ኖሚኒ ሆልን ትቶ ወደ ባልቲሞር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በቨርጂኒያ አልኖረም። ልጆቹና አማቾቹ ርስታቸው ዓይናቸው እያየ መበተኑን አልወደዱትም፤ የየዓመቱን ነጻ ማውጣት ለማደናቀፍ ሞከሩ። ካርተር በበኩሉ ቤንጃሚን ዶውሰን ለተባለ ባፕቲስት ሰባኪ ውክልና ሰጠ፤ በ1797ም ገና ተራቸው ያልደረሰውን ሰዎች አርነት የማስፈጸም መብት በአንድ ዶላር በሽያጭ አስተላለፈለት። ዋጋው የይስሙላ ነው፤ የውሉ ቅርጽ ግን የታሰበበት ነው። ውክልና የሰጪው ሞት ያፈርሰዋል፣ ሽያጭ ግን አይፈርስም፤ ካርተር ሲሞት ልጆቹ ሰዎቹን እንደ ውርስ ሊጠይቁ እንዳይችሉ መንገዱን ዘጋ። ሰውን ንብረት ያደረገው የሽያጭ ውል እዚህ ላይ ሰውን ለማስለቀቅ ዋለ። ዶውሰን ካርተር ከሞተ በኋላም ሥራውን ቀጠለ።

በሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ1782 ጥቂት ሺህ ብቻ የነበሩት የቨርጂኒያ ነጻ ጥቁሮች በ1790 ቆጠራ ከ12,000 በላይ፣ በ1800 ደግሞ ወደ 20,000 ደረሱ። ከ292,000 በላይ ሰዎች በባርነት በተያዙበት ግዛት ይህ ቁጥር ባለርስቶቹን አሰጋቸው። በ1806 አዲስ ሕግ ወጣና ነጻ የሚወጣ ሁሉ በ12 ወር ውስጥ ግዛቱን ለቆ እንዲወጣ፣ ያለዚያ ተመልሶ እንዲሸጥ ተደነገገ። ከዚያ ወዲያ አርነት ከቤተሰብና ከመንደር የመለየት ዋጋ ይከፈልበት ጀመር።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799 ኑዛዜው የራሱ የነበሩ 123 ሰዎች ባለቤቱ ስትሞት ነጻ እንዲወጡ አዘዘ፤ በዓለም ዙሪያ ይታወቅለታል። ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን ይዞ ነጻ ያወጣው በጣት የሚቆጠሩትን ሲሆን፣ ከሞተ በኋላ በ1827 ከርስቱ ከሞንቲሴሎ 130 ሰዎች በሐራጅ ተሸጡ። ካርተር ከሁለቱም የበለጠ አድርጎ ከሁለቱም ያነሰ የሚታወቅበትን ምክንያት ብዙዎች ጠይቀዋል። ፍልስፍና አልጻፈም፣ ፕሬዚዳንት አልሆነም፤ ያ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። «በዚያ ዘመን ሌላ ማድረግ አይቻልም ነበር» የሚለውን ክርክር ለሚወዱ ሰዎች፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አውራጃ፣ በዚያው መደብ ውስጥ ያደረገ ሰው መኖሩ አይመችም። ካርተር ራሱ በ1803 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ዕቅዱና ምክሩ ዓለምን ደስ አሰኝተው እንደማያውቁ ተናግሯል።

በማርች 1804 በባልቲሞር ሞተ። አስከሬኑ ወደ ኖሚኒ ሆል ተወስዶ የመቃብር ድንጋይ ሳይቆምለት ተቀበረ። ቤቱም በ1850 በእሳት ወደመ። በዚያው በ1804፣ አባቱ ከባርነት አየር እንዲርቅ ብሎ በልጅነቱ ወደ ሮድ አይላንድ የላከው ጆርጅ፣ በላውደን አውራጃ ከአባቱ ርስት በደረሰው መሬት ላይ ኦትላንድስ የተባለውን ታላቅ ቤት ማሠራት ጀመረ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ለጎብኚም ክፍት ነው። በ1860 በዚያ ርስት በባርነት የተያዙት ሰዎች 133 ነበሩ፤ በአውራጃው ከነበሩት ርስቶች ሁሉ ብዙው ቁጥር ነበር።